ጥማተኛዋ መኪና

እንጅባራ ላይ በማለዳ የሚወጣ ሰው ጉሙን ደጃፉ ላይ ቆሞ ያገኘዋል። አምሳለም ሐሙስ ማለዳ ጋቢዋን ደርባ ስትወጣ ጉሙ አጥሩን ውጦት፣ ከነጯ ፒካፕ የሚታየው አፍንጫዋ ብቻ ነበር። ኮፈኑን ከፈተች። የራዲያተሩን ክዳን ፈትታ ጣቷን ሰደደች። ጣቷ ውሃ አልነካም። ትናንት ከቢሮ ተመልሳ መኪናዋ ከበረደች በኋላ እስከ አፉ ሞልታው ነበር።

በጆግ ቀዳች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስተኛው ሲጋመስ ሞላ። ከዚያ ተንበርክካ የመኪናዋን ሥር አየች። ያነጠፈችው ካርቶን እንደ ደረቀ ነው፤ አንዲት ጠብታ አልወደቀበትም። አምሳለ የአፈር ባለሙያ ናት። የገባ ውሃ እንደሚወጣ፣ ካልወጣም የሆነ ቦታ እንደሚጠራቀም ለገበሬ ስታስረዳ ነው የኖረችው። ይህችን መኪና ግን ትምህርቷ አልደረሰባትም።

“ጥማተኛ” ይላት ነበር ይኸነው። ባሏ የእንስሳት ሐኪም ነበር፤ በፈረስ በሚኮራ አገር የእንስሳት ሐኪም መሆን ደግሞ ቤት የሚያስቀምጥ ሥራ አይደለም። መኪናዋን አሮጌ ሳለች ገዝቷት አሥራ አንድ ዓመት ከገጠር ገጠር ነድቷታል። ጠዋት ጠዋት ኮፈኑን ከፍቶ ሳያያት አይነሳም፤ “ፈረስም ሳይጠጣ አይጫንም” ይላል። ያን ጊዜ ታዲያ የምትጠጣው በሳምንት አንድ ጆግ ቢሆን ነው። አሁን በቀን ሦስት ሊደርስ ነው።

ይኸነው ከሞተ ቅዳሜ ዓመት ይሞላዋል። ሕመሙ የፈጀው ሦስት ሳምንት ነው። አምሳለ ስለዚያ ሦስት ሳምንት ለማንም አውርታ አታውቅም። ሰው ሲጠይቃት “እግዚአብሔር ያውቃል” ትልና ስለ ዝናቡ ታነሳለች።

ሙት ዓመቱ የሚታሰበው በትውልድ አገሩ በዳንግላ ነው። እዚያ ታናሽ ወንድሙ ስማቸው አለ፤ እህል ነጋዴ ነው፤ ሆዱ ቡቡ፣ አፉ ግን ቆራጭ። ባለፈው ወር አምሳለ ከዳንግላ ስትመለስ አዲስ ቅዳም ዳገት ላይ መኪናዋ ፈልታ ቆመችባትና ዝናብ እየወረደ ሁለት ሰዓት መንገድ ዳር ተቀመጠች። ስማቸው ይህን ከሰማ በኋላ ዝም አላለም። ገዥ ፈለገ፤ አገኘም። ስልክ ደውሎ፣ ኔትወርኩ እየተቆራረጠ፣ ሞተሩ እንዳበቃለት፣ ሴት ልጅ በዚህ መንገድ ብቻዋን መቆም እንደሌለባት፣ ሰውየውም ቅዳሜ ከቅዳሴ በኋላ ሊያያት እንደሚመጣ ነገራት። አምሳለ አዳምጣ አዳምጣ አንድ ነገር ብቻ አስገባች፤ በሽታዋ እስከ ቅዳሜ ታውቆ በራሷ እግር ዳንግላ ከደረሰች አትሸጥም።

“ካልደረሰችስ እትዬ?”

“ካልደረሰች ቁልፉን እሰጥሃለሁ።”

ቃል ቃል ነው። ስልኩን ከዘጋች በኋላ እንደ መጸጸት ብሏት ነበር፤ ግን መልሳ አልደወለችም። የባሏን ልብስ ለነዳያን ሰጥታለች፤ የመድኃኒት ሣጥኑን ባልደረባው ወስዶታል። ከእሱ ከቀረው ሁሉ የሚንቀሳቀሰው ይህች መኪና ብቻ ናት። ሞተሯ ሲነሳ እንደ ሽማግሌ ጉሮሮዋን ትጠርጋለች። ያን ድምፅ አምሳለ አሥራ አንድ ዓመት ከቤት ሆና በር በሩን እያየች ስትጠብቀው ኖራለች። አሁን የምታስነሳው እሷው ናት፤ የሚጠብቀው የለም።

ከተማው ውስጥ ሁለት መካኒኮች አይተዋታል። አንዱ የራዲያተሩን ክዳን ቀየረ፤ አንዱ ቱቦዎቹን። ሳይሆን ሲቀር ሁለቱም አንድ ቃል ተናገሩ፤ ቴስታታው ይከፈት። የሞተሩ ራስ ይውረድና ውሃውን በውስጥ እየጠጣው እንደሆነ ይታይ ማለታቸው ነው። አሮጌ ሞተር አንዴ ከተከፈተ ደግሞ መዘጋቱ የዕድል ነገር ነው። ከዚያም በላይ፣ ያንን ሞተር መጨረሻ የዘጉት ይኸነውና ወዳጁ መካኒኩ ጋሽ ነጋ ነበሩ፤ በአንድ የፍልሰታ ሰሞን ሦስት ቀን ሙሉ እስከ ክርናቸው ዘይት ነክሯቸው። ያ እጅ ያጠበቀውን ብሎን ሌላ ሰው እንዲፈታው አልፈለገችም።

ጋሽ ነጋ ጋ ከመጀመሪያውኑ መሄድ ነበረባት። ከቀብሩ ወዲህ ግን ደጃቸውን ረግጣ አታውቅም። እሳቸው ጋ መሄድ ስለ ይኸነው ማውራት ነው።

በዚያ ሐሙስ ሌላ መንገድ አልቀረላትም። ፈቃድ ጠይቃ ሄደች።

የጋሽ ነጋ ጋራዥ ከእንጅባራ ወደ ዳንግላ መውጫው ላይ ነው፤ ቆርቆሮ ጣሪያ፣ አንድ ጉድጓድ፣ ከኋላው ፈረሳቸው የሚታሰርበት በረት። ከስልሳ ያለፉ የአዊ ሰው ናቸው። ከሞተር ጋር ሲጣሉ በአገውኛ፣ ከሰው ጋር ሲጣሉ በአማርኛ ነው። ድሮ እሳቸው የይኸነውን መኪና፣ ይኸነው የእሳቸውን ፈረስ ያክሙ ነበር፤ እኔ እበልጥ፣ እኔ እበልጥ ሲሉ ሰው እየሳቀ ያልፋቸዋል።

“ዓመት ሙሉ የት ጠፍተሽ ነው?” አሉና መልሷን ሳይጠብቁ ወደ መኪናዋ ዞሩ። “ይህች ፈረስ ብትሆን እኮ ይኼኔ ለጅብ ወጥታለች።”

ስለ ይኸነው ምንም አላነሱም። አምሳለ ትከሻዋ ላይ የነበረ አንድ ነገር ቀለል ሲል ተሰማት። ሁሉንም በተራ ነገረቻቸው፤ የሚጠፋውን ውሃ መጠን፣ ደረቁን ካርቶን፣ የተቀየረውን ክዳንና ቱቦ፣ ቴስታታው ይከፈት የተባለውን፣ የቅዳሜውን ገዥ።

ጋሽ ነጋ የመጨረሻውን ሲሰሙ ዓይናቸውን ጠበብ አደረጉ። ከዚያ እጃቸውን አጥበው ጀመሩ። የዘይት መለኪያውን ዘንግ መዘው ወደ ብርሃን አነሱት። ውሃ ከዘይት ጋር ቢገናኝ ዘይቱ ወተት የፈሰሰበት ሻይ ይመስል ነበር፤ ይህ ግን ጥቁርና ንጹሕ ነው። ሞተሩን አስነስተው ከኋላ በጭስ ማውጫው መዳፋቸውን ዘረጉ፤ አሸተቱት። ውሃ የሚያቃጥል ሞተር ነጭ ጭስ ይተፋል፤ ይህች አልተፋችም። ቱቦዎቹን አንድ በአንድ እንደ ከብት ጡት ጨበጥ ጨበጥ አደረጓቸው። ደህና ናቸው።

“ቴስታታው ጤነኛ ነው” አሉ በመጨረሻ። “እኛ የዘጋነው ነዋ።”

አምሳለ መሬት መሬት አየች።

ችግሩ፣ አሉ ጋሽ ነጋ፣ የምትጨምሪላት ባዶ ውሃ መሆኑ ነው። ውሃ የሄደበትን አይናገርም፤ ደርቆ ይጠፋል። ይኸነው እኮ ኩላንት፣ ባለቀለሙን የሞተር ማቀዝቀዣ፣ ነበር የሚያደርግላት። እውነት ነው፤ አምሳለም ታስታውሳለች። ፍጆታው ሲበዛባት ጊዜ ነው እሷ ወደ ቧንቧ ውሃ የዞረችው። ጋሽ ነጋ አረንጓዴውን ኩላንት አምጥተው ሞሉና፣ ዳገት ላይ ትሙቅና የምትደብቀውን ታሳየን፣ ወደ ጥርባ በኩል ወጥተን እንመለስ አሉ። ሞተሩን ለማዳመጥ የሚነዱት እሳቸው ናቸው።

አምሳለ ዞራ በቀኝ በኩል ያለውን በር ከፈተችና ቆመች።

እዚያ ቦታ ዓመት ሙሉ ሰው አልተቀመጠበትም። ቦርሳዋን፣ ዳቦ፣ አንዳንዴ የአፈር ናሙና ታስቀምጥበታለች። ሰው ሊሳፈር ሲጠይቃት “በሩ አይከፈትም” ብላ ዋሽታም ታውቃለች።

“እኔ ከኋላ ልሁን?” አለች።

“ከኋላ ጎማው አለ፤ እሱ ቀድሞሻል” አሉ ጋሽ ነጋ መሪውን ይዘው። ወደ እሷ አላዩም። “ግቢ፣ ልጄ።”

ገባች። ስትቀመጥ እግሮቿ ሳታዛቸው ወደ በሩ ተሰበሰቡ። በመካከል ላይ ቦታ ተዉ፤ ለጀሪካኑ።

የጀሪካኑ ነገር እንዲህ ነበር። የይኸነው እናት እሜቴ ውብአየሁ ጉልበታቸው ሲደክም ጠበል መውረድ አቃታቸው። ይኸነው ታዲያ ለሥራ የሄደበት መንደር ያለውን ጠበል በቢጫ ጀሪካን እየቀዳ ይወስድላቸው ጀመር። እሳቸውም ቀመስ ያደርጉና፣ ይህ የሚካኤል ነው፣ ያለፈው የተክልዬ ነበር፣ ይላሉ፤ አንድ ቀን ተሳስተው አያውቁም ይባላል። ቅዳሜ ቅዳሜ አምሳለና ይኸነው ዳንግላ ሲወርዱ ጀሪካኑ የሚጓዘው እሷ እግር ሥር ነው። እግሬን የት ላድርገው ስትለው “ወደ በሩ ሰብሰብ አድርጊው፤ ጻድቃን ቦታ ይፈልጋሉ” ይላል። እየሳቀ ግን ሁልጊዜ ከመሪው ሥር ያለችውን ማንሻ ወደ ቀዩ ይገፋላታል፤ የእንጅባራ ብርድ በእግር ነው የሚገባው፣ ማሞቂያው ይንፋሽ ይላታል።

አንድ ቀን ምንጣፉ ርሶ እርጥበቱ ጫማዋ ውስጥ ገባ። ጀሪካኑ ነው የሚያፈሰው አሉ። ክዳኑን በፌስታል ጠቅልለው አሰሩት፤ ምንጣፉ አሁንም ረጠበ። ጠበል ደግሞ በእግር አይረገጥም። ይኸነው አንድ አሮጌ አጎዛ ቆርጦ፣ ከምንጣፉ ሥር ላስቲክ ዘርግቶ፣ እርጥቡን ቦታ ከደነው። ከዚያ ወዲህ አጎዛውን ያነሳው የለም። እሜቴ ውብአየሁ ካረፉ፣ ጀሪካኑም ከመኪናው ከወጣ ሦስት ዓመት አልፎታል። አጎዛው ግን እዚያው ነው።

ዳገቱን ጀመሩ። ጉሙ ተገፎ በሁለቱም በኩል አረንጓዴው ማሳ ይታያል። ጋሽ ነጋ ጆሯቸውን ወደ ሞተሩ ዘንበል አድርገው ቀስ ብለው ይነዳሉ። አምሳለ ስትነዳ የማታየውን ሁሉ አየች፤ የጎን መስታወቱን ጭረት፣ ይኸነው ደረሰኝ የሚሰካባትን ስንጥቅ። ዳገቱ ሲከብድ የፊት መስታወቱ በእሷ በኩል ጉም ለበሰ። እንደ ድሮው በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው። ነጠላዋ ላይ የሚያጣብቅ ነገር ቀረ።

ከዚያ ሽታው መጣ።

ለስለስ ያለ፣ የጣፈጠ፣ የፈላ ስኳር የሚመስል ሽታ ነው። አምሳለ እጇ መስታወቱ ላይ እንዳለ ቀረ። ይህን ሽታ ታውቀዋለች። የይኸነው ሽታ ነው። ከኮቱ ይሁን ከመድኃኒት ሣጥኑ ለይታ አታውቅም ነበር እንጂ፣ ይህ መኪና በሩ ሲከፈት የሚቀበላት ሽታ ይህ ነበር። እሱ ከሞተ ከጥቂት ወራት በኋላ ጠፋ። ልብሱን የሰጠሁ ጊዜ ነው አብሮ የሄደው ብላ፣ ለማንም ሳትናገር፣ በዚያ ነገር ብዙ ጊዜ ራሷን ወቅሳለች።

“ጋሽ ነጋ” አለች ቀስ ብላ። “ኩላንት ይሸታል እንዴ?”

“ይሸታል እንጂ። ስኳር ስኳር ነው የሚለው።” ጋሽ ነጋ አየሩን አሸተቱ። “እኔም ሸተተኝ። የምን?” አሉና መኪናዋን ወደ ዳር አወጡ።

አምሳለ እግሮቿን ከበሩ ጥግ አንስታ ለመጀመሪያ ጊዜ መካከል ላይ፣ አጎዛው ላይ አሳረፈቻቸው። አጎዛው እንደ ረግረግ ሳር ሰመጠ። በጫማዋ ጠርዝ ለብ ያለ ነገር ገባ።

“እርጥብ ነው” አለች። “የእሜቴ ጠበል...” ብላ ሳትጨርስ ቆመች።

ጋሽ ነጋ ዞረው አዩዋት። “እሜቴ ካረፉ ስንት ዓመታቸው ነው?”

“ሦስት ዓመት አለፈ።”

“ሦስት ዓመት የማይደርቅ ጠበል” አሉ። ሊስቁ ፈለጉና አልሳቁም። ወርደው በእሷ በኩል መጡ። አጎዛውን አይተው ግን እጃቸውን ሰበሰቡ። ይህችን መኪና ስንት ጊዜ ሲሠሩ፣ ስንት ጊዜ ሲያጸዱ፣ እዚህ ሲደርሱ ጫማቸውን አውልቀው በዙሪያው ይዞሩ እንደነበር ነገሯት። ይኸነው ጠበል የፈሰሰበት ነው ስላላቸው አንድም ቀን አላነሱትም። ፂማቸውን እያሻሹ፣ አንቺው አንሺው አሉ።

አምሳለ ወርዳ መንገዱ ላይ ቆማ አጎዛውን ለረጅም ጊዜ አየችው። ጠርዙ ላይ ይኸነው በቢላዋ የቆረጠው መስመር ጠማማ ነው፤ ያን ቀን እየሳቀባት፣ እሷም እየሳቀችበት ነበር የቆረጠው። ካነሳችው የእሱ እጅ እንዳስቀመጠው የሆነ አንድም ነገር አይቀርም። ካላነሳችው ቅዳሜ ቁልፉን ትሰጣለች። ወዲያው ደግሞ አንድ አነጋገሩ ትዝ አላት፤ የታመመ ከብት አይናገርም፣ ስለዚህ ከብቱን ብቻ አትዪ፣ የተኛበትንም እይ፣ ይል ነበር።

አማተበች። አጎዛውን በሁለት እጇ ይዛ አነሳችው።

ምንጣፉ አረንጓዴ ነበር። ላዩ ላይ የዛሬው ኩላንት ገና ሳይበርድ ተኝቷል። ከሥሩ ደግሞ እንደ ሐይቅ ዳር ጨው በክብ በክብ የደረቀ፣ የቆየ፣ የደበዘዘ አረንጓዴ አለ፤ የዓመታት ነው። ከላይ፣ ከማሞቂያው ሣጥን ሥር፣ ጠብታ ተንጠልጥላ ወደቀች። ቀጥላም ሌላ።

ጋሽ ነጋ በጣታቸው ነክተው ለእሷ አሳዩአት። “ጠበል አረንጓዴ አይሆንም” አሉ። ሙቁ ውሃ ከሞተሩ በቱቦ መጥቶ በማሞቂያው ትንሽ ራዲያተር ውስጥ እንደሚያልፍ፣ ያቺ ትንሽ ራዲያተር እንደተቀደደች፣ ላስቲኩና አጎዛው ወደ መሬት እንዳይወርድ ይዘውት እንደኖሩ አስረዷት። ከዚያ ጎንበስ ብለው መሪው ሥር ያለችውን ማንሻ አዩ። ቀዩ ጥግ ላይ ናት።

“ይህን ማን ከፈተው?”

“እሱ ነው። እኔ ነክቼው አላውቅም።”

ብትዘጋው ኖሮ ግማሹ ውሃ አይጠፋም ነበር ሊሉ ይሆናል፤ ግን ወደ ማሳው ዞረው የእጃቸውን አረንጓዴ በሳር መጥረግ ጀመሩ። አምሳለ አጎዛውን እንደታቀፈች ቆማ ነበር። ነጠላዋን በፊቷ ላይ ሳብ አደረገች። ጋሽ ነጋ እጃቸውን ጠርገው እስኪጨርሱ ብዙ ጊዜ ፈጀባቸው።

ሥራው ራሱ ቀላል ሆነ። ዓርብ ከሰዓት ጋሽ ነጋ ወደ ማሞቂያው የሚሄደውንና የሚመለሰውን ቱቦ ነቅለው እርስ በርስ አገናኟቸው፤ ውሃው በማሞቂያው ማለፉን ተወ። የተቀደደችውን ትንሽ ራዲያተር አውጥተው በጋዜጣ ጠቀለሉላት፤ በመጠኗ የጸሎት መጽሐፍ ታህላለች።

“እግርሽን ይበርድሻል እንጂ ከእንግዲህ አይጠማትም” አሉ።

አምሳለ መልሳ መበየድ ይቻል እንደሆነ ጠየቀች። ዳንግላ ላይ ራዲያተር የሚበይድ ሰው አለ አሏት። ለምን እንደፈለገችው አልጠየቋትም።

ቅዳሜ ማለዳ ጉሙ እንዳለ ተነሳች። ኮፈኑን ከፈተች፤ ጣቷን ሰደደች። ጣቷ እስከ መጀመሪያው አንጓ ረጠበ። ጆጉን ሳትሞላው ወደ ቤት መለሰችው። በመንገድ ላይ ዓይኗ ከሙቀት መለኪያው አልተነሳም። አዲስ ቅዳም ደርሳ ባለፈው ወር የተቀመጠችበትን ድንጋይ አየችው፤ አለፈችው። መርፌዋ ከመካከል አልተነቃነቀችም። እግሯን ግን በረዳት፤ እውነትም ብርዱ በእግር ነው የሚገባው።

ዳንግላ ስትገባ ገበያተኛው መንገዱን ሞልቶት፣ ጋሪዎች በሁለት ረድፍ ይጋፋሉ። አንድ ባለጋሪ መኪናዋን አውቋት ኖሮ ጅራፉን አንስቶ ሰላምታ ሰጠ፤ ለመኪናዋ ይሁን ለነጂዋ አልታወቀም። አምሳለም እጇን አነሳች።

ቅዳሴው አልቆ፣ ፍትሐቱም ደርሶ፣ ሰው ጸበል ጻዲቁን ከቀመሰ በኋላ ስማቸው ገዥውን ይዞ መጣ። ሰውየው ጨዋ ነበር፤ ኮፈኑን አስከፍቶ፣ የበረደውን ራዲያተር ፈትቶ አየ። እስከ አፉ ሙሉ ነው። ስማቸው አጎንብሶ እሱም አየ። ከዚያ ቀና ብሎ እሷን አየ። አምሳለ ቃላችንን ታስታውሳለህ አላለችውም፤ ለሰውየው ብቻ፣ በትሕትና፣ ድካሙን ይቅር እንዲላት፣ መኪናዋ እንደማትሸጥ ነገረችው። ሰውየው ሐሳቧን ከቀየረች እንድታስታውሰው ብሎ ተሰናበተ።

ስማቸው ኮፈኑን ዘጋ። በሽታዋ ምን እንደነበር ጠየቃት። ነገረችው፤ ስለ ሽታው ግን አልነገረችውም። በጋዜጣ የተጠቀለለችውን ስታሳየው ተቀብሎ አገላበጣት፤ የሚበይደውን ሰው አውቀዋለሁ፣ እኔ አሳይሻለሁ አለ።

በቀኝ በኩል ያለውን በር ከፈተችለት። ስማቸው ገብቶ ተቀመጠና እግሮቹን ወደ በሩ ሰበሰባቸው። እናቱ በሕይወት ሳሉ እሱም በዚህ ቦታ ብዙ ተጉዟል። አጎዛው ታጥቦ ከመቀመጫው ኋላ ተሰቅሏል፤ ወለሉ ባዶ ነው። ስማቸው ባዶውን ቦታ አየ፤ እግሩን ግን ወደዚያ አልዘረጋም።

አምሳለ ሞተሩን አስነሳች። መኪናዋ ጉሮሮዋን ጠረገች።

“እርገጠው” አለችው። “ጠበል አይደለም።”